የጣሪያ ዕድሜ በዓመት ብቻ አይለካም

በሚኒሶታና መሰል ቀዝቃዛ የአሜሪካ ግዛቶች አብዛኞቹ መኖሪያ ቤቶች የሚከደኑት በአስፋልት ሽንግል ነው። ክዳኑ በአብዛኛው ከ20 እስከ 30 ዓመት ቢያገለግልም፣ ብርቱ ፀሐይ፣ ነፋስና በረዶ ዕድሜውን ያሳጥሩታል።

የሽንግሉን ገጽ የሸፈኑት ደቃቅ የድንጋይ ቅንጣቶች አስፋልቱን ከአልትራቫዮሌት ጨረር ይከላከላሉ። ሲረግፉ አስፋልቱ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ጠርዙም ይጠቀለላል። በመሆኑም በአሮጌ ቤት አሸንዳ ውስጥ አሸዋ መሰል ቅንጣት በብዛት መጠራቀሙ ቀዳሚ ምልክት ነው።

በበረዶ ወራት ከቤት የሚያመልጠው ሙቀት የጣሪያውን በረዶ ከሥር ያቀልጠዋል። ውኃው ቀዝቃዛው የጣሪያ ጠርዝ ላይ ሲደርስ ዳግም ይረጋና ግድብ ይሠራል፤ ከግድቡ ኋላ የተጠራቀመውም በሽንግሉ ሥር ሰርጎ እንጨቱን ያበሰብሳል። ይህን ችግር አዲስ ክዳን ብቻውን አያስወግደውም፤ ከኮርኒሱ በላይ ያለው የሙቀት መከላከያና የአየር መተላለፊያም መስተካከል ይኖርበታል።

ጥቂት የተነሡ ሽንግሎች በጥገና ይድናሉ። ጉዳቱ ጣሪያውን ሁሉ ሲያዳርስ ወይም ከሥር ያለው እንጨት ሲለሰልስ ግን ክዳኑን መቀየር ይገባል። የሽንግሉ ማጣበቂያ በሚገባ ለመያዝ ሙቀት ስለሚሻ፣ ሥራው ብርዱ ሳይጠና ቢጠናቀቅ ይመረጣል።