ውል የለንም ለሚሉ

«ውል የለንም።» ብዙ ሰው ቢሮዬ ገብቶ ገና ወንበር ሳይስብ የሚናገረው ይህን ነው። መቐለ፣ ከሮማናት አደባባይ ብዙም በማይርቅ ፎቅ ላይ ጥብቅና እሠራለሁ። የሚመጣው ሰው ገንዘቡ በማን እጅ እንዳለ ያውቃል፤ የተፈረመ ወረቀት ስለሌለ ግን ነገሩ ያበቃ ይመስለዋል። ወረቀት ቢኖርማ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2162 ምን ሊያደርግልን!

ድንጋጌው አጭር ነው። በራሴ አነጋገር ሳስቀምጠው፣ በሌላው ሰው ድካም ወይም ንብረት ያለ በቂ ምክንያት የተጠቀመ ሰው በተጠቀመበት ልክ ይመልሳል። ከዚያ እስከ 2178 ያሉት አንቀጾች ዝርዝሩን ይናገራሉ። እኛ ጠበቆች «አላግባብ መበልጸግ» እንለዋለን። ስሙን የሰማ ሰው ሚሊየነሮች ብቻ የሚካሰሱበት ሊመስለው ይችላል፤ ለ4,000 ብርም ይሠራል።

አንድ መምህር የቤት ኪራዩን በቴሌብር ሲልክ አንድ ቁጥር ተሳሳተና ገንዘቡ የማያውቀው ሰው ስልክ ላይ ገባ እንበል። ተቀባዩ አልሰረቀም፣ አላታለለም፣ ምናልባት ተኝቶ ነበር። ሕጉም ጥፋት አይፈልግበትም። የሚጠይቀው ሌላ ነው፤ እጅህ የገባው ነገር ከማን ወጣ? አንተ ዘንድ የሚቆይበትስ ምክንያት ምንድን ነው? ሽያጭ፣ ስጦታ፣ ደመወዝ፣ ዕዳ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ፣ ከእነዚህ አንዱን ማሳየት ካልቻለ ይመልሳል። ቁጥር 2164 ይህንኑ በግልጽ ይናገራል፤ መክፈል የማይገባውን የከፈለ ሰው ማስመለስ ይችላል። ቀጣዩ ቁጥር 2165 ደግሞ በሩን በከፊል ይዘጋል። ዕዳ እንደሌለበት አሳምሮ እያወቀ በፈቃዱ የከፈለ ሰው፣ በኋላ ተናድዶ «መልሱልኝ» ማለት አይችልም። ተቀባዩም በቅን ልቦና ተጠቅሞ፣ ጥያቄው ሲቀርብለት ጥቅሙ በእጁ ከሌለ ሕጉ ይራራለታል። መመለስ እንዳለበት እያወቀ ያጠፋውን ግን አይምረውም።

ክሱ በጥፋት ላይ አለመመሥረቱ ለባለጉዳዮቼ ትልቅ ጥቅም አለው። ጉዳት ደረሰብኝ ብሎ በጥፋት ላይ ተመሥርቶ ካሳ የሚጠይቅ ሰው ሁለት ዓመት ብቻ ነው ያለው። አላግባብ በበለጸገ ሰው ላይ ክስ የሚያቀርብ ግን፣ በተለመደው አረዳድ፣ ለውል የተቀመጠው የአሥር ዓመት ይርጋ ይሠራለታል። ያለፉትን የጦርነት ዓመታት ለኖረ የመቐለ ሰው በሁለትና በአሥር መካከል ያለው ልዩነት መብት በመኖሩና ባለመኖሩ መካከል ያለ ልዩነት ነው።

የአገር ሁሉ መነጋገሪያ የሆነው ምሳሌ የመጣው መጋቢት 6 ቀን 2016 ሌሊት ነው። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተበላሽቶ ደንበኞች ሂሳባቸው ውስጥ የሌለ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች በስልክ ተዛመተ፤ ተማሪዎች ሌሊቱን ኤቲኤም ደጃፍ ተሰለፉ። ባንኩ የሳይበር ጥቃት አይደለም አለ። በኋላ በሰጠው መግለጫ ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ እንደወጣበትና ግብይቱም ወደ 490,000 እንደሚጠጋ አሳወቀ። በመጋቢት መጨረሻ ላይ ሦስት አራተኛ ያህሉ ተመልሶ ነበር፤ ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶ ባንኩ ቅርንጫፎቹ በር ላይ ለጠፈ።

ያን ሰሞን የሕግ ተማሪዎች «ባንኩ የራሱን ስሕተት እንዴት በእኛ ላይ ያደርጋል?» ብለው ሲከራከሩ ሰማሁ። ክርክሩ ደስ ይላል፣ ግን አያስኬድም። የባንኩ ቸልተኝነት አንድ ነገር ነው፤ ተማሪው ገንዘቡን የሚያስቀርበት ምክንያት ማጣቱ ሌላ ነገር ነው። ኤቲኤሙ ስለሰጠው ብቻ ገንዘቡ የእሱ አይሆንም። በ2165 ለመከላከል የሞከረም አይሳካለትም፤ ማሽኑ አስቦ በፈቃዱ አልከፈለምና። የፎቶ መለጠፉን ነገር ግን አልወደድኩትም። ዕዳ ለማስመለስ ፍርድ ቤት አለ፤ ግድግዳ ላይ ማዋረድ ሕጉ ከሰጠው መንገድ አንዱ አይደለም።

የ2162 ሐሳብ ከየት እንደመጣ ማወቅ የሚፈልግ አንባቢ ወደ ፈረንሳይ ይሂድ። አንድ ነጋዴ ለተከራይ ገበሬ ማዳበሪያ በዱቤ ሸጠ፤ ገበሬው ሳይከፍል መሬቱን ከነሰብሉ ለባለመሬቱ ለቀቀ። ሰብሉን ያፈሰው ባለመሬት ከነጋዴው ጋር አንድም ውል አልነበረውም። የፈረንሳይ ሰበር ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1892 ነጋዴው ባለመሬቱን መጠየቅ ይችላል አለ። በሕግ መጽሐፋቸው ግን ስለዚህ ጉዳይ አጠቃላይ አንቀጽ አልነበረም፤ ያስገቡት እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። የእኛን ሕግ ያረቀቁት ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ግን ለኢትዮጵያ ጽፈውት ነበር፤ ሕጉ ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ታወጀ፣ መስከረም 1 ቀን 1953 ሥራ ላይ ዋለ። ፓሪስ ፍርድ እየጠቀሰች ስትከራከር፣ መቐለ ቁጥር መጥቀስ ትችል ነበር ማለት ነው።

የበለጸገ ሁሉ ግን አላግባብ በልጽጓል ማለት አይደለም፤ ደንበኞቼ የማይወዱት መልሴም ይህ ነው። ከሰኔ 2013 በኋላ ትግራይ ውስጥ ባንክ ተዘጋ፣ ስልክ ተቋረጠ። አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ወደ አንድ ነጋዴ ሂሳብ ያስገባል፤ መቐለ ያለው የነጋዴው ሰው ጥሬ ገንዘቡን ይቆጥራል፣ ኮሚሽኑን ግን አስቀድሞ ያነሳል። ኮሚሽኑ ትንሽ አልነበረም፤ የእናትህን መድኃኒት ለመግዛት ስትጣደፍ ደግሞ አትከራከርም። ዛሬ «አላግባብ በለጸገብኝ» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። መልሴ «ውል ነበራችሁ» ነው። በቃል ቢሆንም ውል ነው፤ ውል ደግሞ ምክንያት ነው፤ ምክንያት ባለበት 2162 አይነሳም። የቀረው ቀዳዳ 1710 ነው፤ የሌላውን ችግር ተጠቅሞ ሚዛኑን እጅግ ያዛባ ውል ሊፈርስ ይችላል። ለዚህ ግን ያለው ጊዜ ሁለት ዓመት ብቻ ነው። ብዙዎቹ ወደ እኔ የመጡት ከዚያ በኋላ ነበር።

በዚያው ዘመን ተቃራኒው ሥራም ተሠርቷል። የጎረቤቱን ቤት የጠበቀ፣ በጥይት የተበሳሳ ቆርቆሮ ያስቀየረ፣ የዘበኛ ደመወዝ ከኪሱ የከፈለ ሰው አለ። ባለቤቱ አዲስ አበባ ነው፤ ልደውልለት ቢል ስልክ የለም። ይህን ሕጉ ያለ ውክልና የሌላውን ጉዳይ መምራት ይለዋል፤ ከቁጥር 2257 ይጀምራል። አስፈላጊና ለባለቤቱ የሚጠቅም ሥራ ከሆነ፣ ወጪው ይተካለታል። ይህን ለባለቤቶች ስነግራቸው ሳይከራከሩ ከፍለው የሚሄዱ አጋጥመውኛል። «እኔ አድርግ አላልኩትም» የሚልም አይጠፋም። ቆርቆሮው ግን ጣሪያው ላይ ነው።

እስካሁን ያወራነው ስለ ገንዘብ ነው። ሁለተኛው ጉዳይ ስለ አፍ ነው፤ ተናግሮ ሌላውን አሳምኖ፣ ያ ሰው በቃሉ ተማምኖ ኑሮውን ካደራጀ በኋላ ተመልሶ መካድ። እንግሊዞች ይህን የሚከለክል ኢስቶፔል የተባለ ደንብ አላቸው። ለእኛ ከተማ ከዚህ ደንብ ፍርዶች ሁሉ የሚቀርበው የለንደኑ የሃይ ትሪስ ጉዳይ ነው። አንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1937 የአፓርታማ ሕንፃ በዓመት 2,500 ፓውንድ ተከራየ። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ፣ ለንደን ባዶ ሆነች፤ አከራዩ በ1940 ኪራዩን በግማሽ ቀንሶ 1,250 አደረገው። በ1945 ሕንፃው እንደገና ሞላ፤ ሙሉ ኪራይ ይከፈለኝ የሚል ክስ ቀረበ። ዳኛ ዴኒንግ ከሞላበት ጊዜ ጀምሮ ሙሉውን ይክፈል አሉ። ለጦርነቱ ዓመታት ግን፣ አከራዩ ወደ ኋላ ተመልሶ ቢጠይቅ ኖሮ፣ ቃሉ እንደሚያስረው ተናገሩ።

ይህን ፍርድ ተማሪ ሳለሁ ለፈተና ነበር የሸመደድኩት። አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ከሞላ ጎደል ይኸው ታሪክ በትግርኛ ይቀርባል። ዓዲ ሓቂ ውስጥ ሱቅ ያከራዩ አንዲት እናት በጦርነቱ ጊዜ ለተከራያቸው ለጸጉር አስተካካዩ «ያለህን ስጠኝ፣ አምላክ ያሳልፈው» ብለውት ነበር። እሱም ግማሹን፣ አንዳንዴም ከግማሽ በታች ሲሰጥ ቆየ። ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ ከተማው ሲነቃ፣ አዲስ ተከራይ ሊከፍል የሚችለውን የሰሙ ልጆቻቸው ያልተከፈለውን ሁሉ ደምረው ክስ እንዲጻፍ ፈለጉ።

የእኛ ሕግ ኢስቶፔል የሚል ርዕስ የለውም። ቁርጥራጮቹ ግን በየቦታው ተበትነዋል። ቁጥር 1825 አበዳሪ ተበዳሪውን ነጻ እንዳደረገው ካሳወቀውና ተበዳሪው ወዲያው እምቢ ካላለ ዕዳው ቀሪ ነው ይላል። ቁጥር 1702 ስሕተቱን ከቅን ልቦና ውጭ መሣሪያ ማድረግ የሚፈልገውን ወገን ይከለክላል። ውክልናን የሚመለከተው ቁጥር 2195፣ ወኪሌ ነው ብሎ ለሌሎች ያሳወቀ ሰው ውክልናውን መሻሩን ሳይነግራቸው ቢቀር፣ በተሳሳቱበት ነገር ኃላፊ ያደርገዋል። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ከ1178 ጀምሮ ያለው ነው። ባለመሬቱ እየተቃወመው በሰው መሬት ላይ የሠራ ሰው ሕንፃውን ሊያጣ ይችላል። ባለመሬቱ ዝም ብሎ እያየው የሠራ ሰው ግን የሕንፃው ባለቤት ይሆናል፤ ባለመሬቱ ሊያስለቅቀው ከፈለገ ካሳ ይከፍላል። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ በ1179 ግን ይገባል። በግቢው ጓሮ ታናሽ ወንድሙ ብሎኬት ሲደረድር ሻይ እየጠጣ ሲያይ የከረመ ታላቅ ወንድም፣ ጣሪያው ከወጣ በኋላ «አፍርስ» ቢል በባዶ እጁ አይሳካለትም። መሬት የመንግሥት ነው፤ የሚከራከሩት ባለይዞታዎች ናቸው፤ ፍርድ ቤቶች ግን አንቀጾቹን ይጠቀሙባቸዋል።

ሕጋችን ደካማ የሚሆነው በቤት ሽያጭ ላይ ነው። ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲደረግ ያዝዛል፤ የፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎትም በመዝገብ ቁጥር 21448 ይህን አጥብቆታል። እንግዲህ ሽማግሌ ፊት ቤቱን ሸጦ ገንዘቡን የበላ ሰው፣ የቤት ዋጋ እጥፍ ድርብ ሲሆን «ውሉ አልተመዘገበም፣ ፈራሽ ነው» ብሎ ይመጣል። ውሉ ሲፈርስ ሁለቱም ወደነበሩበት ይመለሳሉ፤ ሻጩ ቤቱን፣ ገዢው ያኔ የከፈለውን ብር ያገኛል። ያ ብር ዛሬ የግቢውን በር እንኳ አይገዛም! ሽያጩን ያመነ ሻጭ በምዝገባ ጉድለት ብቻ እንዳያመልጥ የሚያዘነብሉ ውሳኔዎች በኋላ መጥተዋል፤ ደግ አደረጉ። በእኔ እምነት ግን ዳኛው «ራስህ ያፈረስከውን ራስህ መጠቀሚያ አታደርገውም» የሚልበት አንድ ግልጽ አንቀጽ ያስፈልገናል። እስከዚያ ድረስ ጠበቃው ቁርጥራጭ እየሰፋ ይከራከራል።

ወደ ዓዲ ሓቂዋ እናት ልመለስ። ክሱን ከመጻፌ በፊት ልጆቻቸውን ውጭ አስቀምጬ አናገርኳቸው።

«አደይ፣ ያን ጊዜ ምን ነበር ያሉት?»

«ያለህን ስጠኝ አልኩት። ሌላ ምን ልበል? ልጅ አለው።»

«የቀረውን በኋላ ትከፍላለህ ብለውታል?»

ዝም አሉ። ከዚያ «አላልኩም፣ ጓለይ» አሉኝ።

ችግሩ የኪራይ ውላቸው በጽሑፍ መሆኑ ነው። በጽሑፍ ያለ ውል በቃል ተለወጠ ብሎ በምስክር ማስረዳት አስቸጋሪ ነው፤ ለልጆቹ ይህን ሌላ ጠበቃ ነግሯቸዋል። ጸጉር አስተካካዩ ግን በየወሩ የሰጡትን ደረሰኝ አስቀምጧል። ደረሰኞቹን አስመጥቼ አየሁ። በእናትየው ጣት ተፈርመዋል፤ በእያንዳንዱ ላይ ታናሿ ልጃቸው በእስክሪፕቶ «የዚህ ወር ኪራይ ተከፍሏል» ብላ ጽፋለች። «በከፊል» የሚል አንድም የለም።

ክሱን ለጦርነቱ ወራት አልጻፍኩም። ከተማው ከተከፈተ በኋላ ላሉት ወራት ሙሉውን ኪራይ የሚጠይቅ ማስጠንቀቂያ ጻፍኩ፤ በሰባት ቀን ውስጥ መጥቶ ከፈለ፣ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮም አዲስ ዋጋ ተስማሙ። ይህኛውን ወረቀት ላይ አሰፈርነው።