አሮጌ ፔዳል ስቲል ጊታር ሲገዛና ሲሸጥ፦ ፊዚክስ ለገበያ ምን ይጠቅማል?

መግቢያ

ማቀዝቀዣ ወይም ኮምፒዩተር ሲያረጅ ዋጋው እንደሚወርድ ሁላችንም እናውቃለን። በአንዳንድ የሙዚቃ መሣሪያዎች ገበያ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። በ1960ዎቹ በአሜሪካ የተሠራና በጥሩ ይዞታ ላይ የሚገኝ ፔዳል ስቲል ጊታር ዛሬ በብዙ ሺህ ዶላር ይሸጣል። ሻጩ «የድሮው ድምፅ ከእንግዲህ አይገኝም» ይላል፤ ገዢው ደግሞ የሚከፍለው ለድምፁ ይሁን ለስሙ እርግጠኛ አይደለም። ያጠራቀመውን ገንዘብ በሙሉ በአንድ መሣሪያ ላይ ለሚያውል ሙዚቀኛ ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የምንማረው ፊዚክስ ይህን ጥያቄ ምን ያህል ሊመልስ እንደሚችል ማሳየት ነው። እንደምንመለከተው ከሻጩ ቃል ከፊሉ በጆሮ፣ በሰዓትና በኦም መለኪያ ሊረጋገጥ ይችላል፤ ከፊሉ ግን በምንም መለኪያ አይለካም። ብልህ ገዢና ሐቀኛ ሻጭ የሚያስፈልጋቸው እነዚህን ሁለቱን መለየት ነው። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መሣሪያው ምንድን ነው?

ስቲል ጊታር በሃዋይ ደሴቶች በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ የተጀመረ ሲሆን ጆሴፍ ኬኩኩ የተባለ የሃዋይ ተወላጅ እንደ ፈጣሪው ይቆጠራል። ተጫዋቹ ክሩን በጣቱ ከጊታሩ አንገት ጋር አያጣብቅም፤ ለስላሳ የብረት ዘንግ በክሮቹ ላይ አሳርፎ ያንሸራትታል እንጂ። ስለዚህ ድምፁ ከአንዱ ኖታ ወደ ሌላው ሳይቆራረጥ ይፈስሳል። የእኛን ማሲንቆ የሚያውቅ አንባቢ ይህን በቀላሉ ይረዳል፤ የማሲንቆ ተጫዋችም ጣቱን በክሩ ላይ ብቻ አሳርፎ ድምፁን እንደ ልቡ ያንሸራትተዋልና።

ብረቱ ቀጥ ያለ በመሆኑ ግን በአንድ ጊዜ ሁሉንም ክሮች በእኩል መጠን ብቻ ነው ከፍና ዝቅ የሚያደርጋቸው። የአንዱን ክር ድምፅ ብቻ ነጥሎ ለመለወጥ ሌላ ዘዴ አስፈለገ። በዚህም ምክንያት በእግር የሚረገጡ ፔዳሎችና በጉልበት የሚገፉ ሌቨሮች ተጨመሩ። ፖል ቢግዝቢ በ1948 ለስፒዲ ዌስት የሠራው መሣሪያ ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። በ1954 ታዋቂ በሆነው የዌብ ፒርስ ዘፈን ላይ በድ አይዛክስ ክሩ እየጮኸ ሳለ ፔዳሉን በመርገጥ ድምፁን ለወጠ፤ ከዚያ ወዲህ ይህ ስልት የካንትሪ ሙዚቃ መለያ ሆነ። የዶን ዊልያምስን ዘፈኖች በካሴት የሰማ ሁሉ፣ ስሙን ባያውቀውም፣ ይህን እንደ ልቅሶ የሚሳብ ድምፅ ያውቀዋል።

በዛሬው ገበያ ከሚፈለጉት አሮጌ መሣሪያዎች መካከል ሾት ጃክሰንና በዲ ኤመንስ በናሽቪል የመሠረቱት የሾ በድ፣ እንዲሁም ኤመንስ በ1960ዎቹ በስሙ ያቋቋመው ኩባንያ ሥራዎች ይገኛሉ። በተለይ የኤመንስ «ፑሽ ፑል» የተባለው ዓይነት ከፍተኛ ዋጋ ያወጣል። ስሙ የመጣው ከአሠራሩ ነው፤ የክሩ ድምፅ ከፍ ሲል ዘንጉ ይስባል፣ ዝቅ ሲል ይገፋል።

የክር ውጥረት

የአንድ ክር ድግግሞሽ በሦስት ነገሮች ይወሰናል፤ በርዝመቱ፣ በአንድ ሜትር ክር ክብደት እና በውጥረቱ። ፔዳሉ የሚለውጠው ውጥረቱን ብቻ ነው። ውጥረት ደግሞ ከድግግሞሽ ካሬ ጋር ተመጣጣኝ ነው። ስለሆነም አንድን ክር በግማሽ ድምፅ ከፍ ለማድረግ ውጥረቱን በ12 በመቶ፣ በአንድ ሙሉ ድምፅ ከፍ ለማድረግ ደግሞ በ26 በመቶ መጨመር ያስፈልጋል።

በቁጥር እንመልከተው። በተለመደው ባለ 10 ክር ቅኝት ሦስተኛው ክር ጂ ሻርፕ ሲሆን ድግግሞሹ 415 ሄርዝ ነው። ክሩ 0.28 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የአረብ ብረት ሽቦ፣ የሚርገበገበው ርዝመቱም 61 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ውጥረቱ 123 ኒውተን ይሆናል። ፔዳሉ ወደ ኤ፣ ማለትም ወደ 440 ሄርዝ ሲስበው 138 ኒውተን ይደርሳል። ይህ ጥሩ የሙዚቃ ሽቦ ከሚበጠስበት መጠን ብዙ አይርቅም። ስለሆነም ሦስተኛው ክር ከሌሎቹ ቀድሞ ቢበጠስ መሣሪያው ተበላሽቷል ማለት አይደለም። ክሩ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ላይ፣ ይኸውም በሚያርፍበት የአሉሚኒየም ጣት ጫፍ ላይ የሚበጠስ ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ክሩ በዘመናት ብዛት ጣቱን ቦርቡሮታል ማለት ነው፤ ገዢው ይህን በአጉሊ መነጽር ይመልከት።

አሥሩም ክሮች በአንድነት መሣሪያውን በ1,150 ኒውተን ገደማ ይስቡታል። ይህም 115 ኪሎ ግራም የሚመዝን ዕቃ ሌት ተቀን እንደተንጠለጠለበት ይቆጠራል። ባለ ሁለት አንገት መሣሪያ ላይ ደግሞ እጥፉ ነው። እንጨቱ ይህን ሸክም ለሃምሳ ዓመታት ተሸክሟል። ጥያቄው እንዴት ተሸከመው የሚለው ነው።

ከፀጉር የቀጠነ መታጠፍ

ሁለቱን የተለመዱ ፔዳሎች በአንድነት ስንረግጥ አራት ክሮች ይሳባሉ፤ በመሣሪያው አካል ላይም 80 ኒውተን ያህል ተጨማሪ ኃይል ያርፋል። ማናቸውም ጠጣር አካል ኃይል ሲያርፍበት፣ በጥቂቱም ቢሆን፣ ይታጠፋል። አካሉ ሲታጠፍ ያልተሳቡት ክሮች ይላላሉ፤ ድምፃቸውም ዝቅ ይላል። ይህ ከማንኛውም የውጭ ውበት ይልቅ የመሣሪያውን ጤንነት የሚናገር ምልክት ነው።

ምን ያህል ዝቅ ይላል? ሙዚቀኞች ግማሹን ድምፅ በ100 ከፍለው እያንዳንዱን ክፍል ሴንት ይሉታል። በሁለቱ ፔዳሎች የማይነካው አራተኛው ክር ኢ ሲሆን ድግግሞሹ 329.6 ሄርዝ ነው። ይህ ክር በ5 ሴንት ዝቅ ቢል 328.7 ሄርዝ ይሆናል፤ ልዩነቱ 1 ሄርዝ ያህል ነው። ይህን ለመስማት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ከኤሌክትሮኒክስ መቃኛ የሚወጣ የማይለወጥ የኢ ድምፅ ከክሩ ድምፅ ጋር አብሮ ይሰማ። ፔዳሎቹ ሳይረገጡ ሁለቱ ድምፆች አንድ እስኪሆኑ ክሩ ይቃኝ። ቀጥሎም ፔዳሎቹ ይረገጡ። ድምፁ ከፍ ዝቅ እያለ መምታት ከጀመረ በሰዓት ይቆጠር፤ በ10 ሰከንድ 10 ምት ማለት 1 ሄርዝ ነው።

አስገራሚው ነገር ከዚህ ይቀጥላል። ድግግሞሹ በ0.29 በመቶ የሚቀንሰው ውጥረቱ በ0.58 በመቶ ሲቀንስ ነው። የአረብ ብረትን ያንግ ሞዱለስ 200 ጊጋ ፓስካል ብለን ብናሰላ፣ በ61 ሳንቲ ሜትር ክር ላይ ይህን ያህል መላላት የሚያመጣው በሁለቱ የክሩ ጫፎች መካከል ያለው ርቀት በ0.022 ሚሊ ሜትር ሲያጥር ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት 0.07 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ ይህ የፀጉር አንድ ሦስተኛ እንኳ አይሞላም። ዓይን ፈጽሞ የማያየውን መታጠፍ ጆሮ በሰከንድ አንድ ጊዜ እየመታ ይነግረናል ማለት ነው።

ጥቂት ሴንት ዝቅ ማለት በጥሩ መሣሪያዎችም ላይ የሚታይ ነው። መጠኑ በጣም ከፍ ካለ ግን ወይ አካሉ ተሰንጥቋል፣ ወይ መጋጠሚያው ላልቷል፣ ወይም ከመጀመሪያውም በደካማ አሠራር የተሠራ ነው። ገዢው በእንደዚህ ያለ መሣሪያ ላይ ከመስማማቱ በፊት ቆም ብሎ ማሰብ አለበት።

ወደ ቦታው የማይመለስ ክር

ሁለተኛው ፈተና የሚመለከተው መካኒካል ክፍሉን ነው። በብዙ መሣሪያዎች ላይ አራተኛው ክር በጉልበት ሌቨሮች በግማሽ ድምፅ ከፍም ዝቅም ይላል። ክሩ ከፍ ብሎ ሲመለስና ዝቅ ብሎ ሲመለስ በአንድ ቦታ ማረፍ ይገባዋል። ሰበቃ ወይም የተበላ መገጣጠሚያ ካለ ግን የሚያርፍበት ቦታ በመጣበት አቅጣጫ ይወሰናል። በፊዚክስ ይህን የመሰለውን ጠባይ ሂስተሪሲስ እንለዋለን፤ የነገሩ ሁኔታ በአሁኑ ኃይል ብቻ ሳይሆን ባለፈው ታሪኩም ይወሰናል ማለት ነው። ገዢው ከሁለቱም አቅጣጫ በኋላ ክሩን በመቃኛው ይለካ። ልዩነት ቢያገኝ ግን ወዲያው አይደንግጥ፤ ብዙ ጊዜ የደረቀ ቅባትና አቧራ በማጽዳት ይስተካከላል። የተበሉና የተሰነጠቁ የቀለጠ ብረት ክፍሎችን መተካት ግን ሌላ ወጪ ነው፤ በተለይ ሾ በድ በ1980ዎቹ ማምረቱን ስላቆመ የፋብሪካውን መለዋወጫ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

ፒክአፑና የኦም መለኪያው

የክሩን እንቅስቃሴ ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ፒክአፕ ማግኔትና በዙሪያው በሺህ የሚቆጠር ጊዜ የተጠቀለለ፣ ውፍረቱ 0.06 ሚሊ ሜትር ያህል የሆነ የመዳብ ሽቦ ነው። የብረት ክሩ ሲርገበገብ በጥቅልሉ ውስጥ የሚያልፈው የማግኔት መስክ ይለዋወጣል፤ በፋራዳይ ሕግ መሠረትም ቮልቴጅ ይፈጠራል።

ሻጮች ብዙ ጊዜ የጥቅልሉን ሬዚስታንስ በማስታወቂያቸው ይጽፋሉ። ሻጩ 17 ኪሎ ኦም ብሎ ሳለ ገዢው 16 ቢያገኝ ተታለልኩ ሊል ይችላል። ነገር ግን የመዳብ ሬዚስታንስ ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በጨመረ ቁጥር በ0.4 በመቶ ገደማ ያድጋል። ሻጩ የለካው በ25 ዲግሪ፣ ገዢው ደግሞ በክረምት በቀዝቃዛ ጋራዥ በ10 ዲግሪ ከሆነ ሁለቱም እውነት ተናግረዋል። የሙቀት መጠኑ ያልተጻፈበት ልኬት ግማሽ ልኬት ነው።

በተቃራኒው፣ ንባቡ ትክክል መሆኑ ብቻውን ጤንነትን አያረጋግጥም። መለኪያው ማለቂያ የሌለው ሬዚስታንስ ካሳየ ሽቦው ተበጥሷል። በጥቂት ዙሮች መካከል ያለው መከለያ ቢበላሽ ግን ሬዚስታንሱ እምብዛም ሳይለወጥ ቀጫጭኖቹ ድምፆች ይደክማሉ። ስለዚህ መለኪያውም ጆሮውም ያስፈልጋሉ።

«የድሮው ድምፅ» ይለካል?

አሁን ወደ አስቸጋሪው ጥያቄ ደርሰናል። ስለ ቫዮሊን የተደረገ አንድ ጥናት እዚህ ላይ ይረዳናል። በ2010 በኢንዲያናፖሊስ ከተማ 21 ቫዮሊን ተጫዋቾች ዓይናቸው በጨለማ መነጽር ተሸፍኖ ሦስት አዳዲስና ሦስት የጥንት ቫዮሊኖችን ሞከሩ። በ2012 በታተመው ውጤት መሠረት አብዛኞቹ የመረጡት መሣሪያ አዲስ ይሁን አሮጌ መለየት አልቻሉም፤ ከሁሉ ያነሰ የተመረጠውም አንድ ስትራዲቫሪ ነበር።

ይህ ውጤት በቀጥታ ለስቲል ጊታር ይሠራል ማለት አይቻልም፤ ቫዮሊን ባዶ ሣጥን ሲሆን ፔዳል ስቲል ጠጣር እንጨትና ኤሌክትሪክ ነው። የሚሠራልን ዘዴው ነው። ሁለት መሣሪያዎችን ማወዳደር የሚፈልግ ገዢ በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት አዲስ ክር ይትከል፣ በአንድ ማጉያ ያጫውት፣ የድምፁን ጉልህነት በእኩል ደረጃ ያስተካክል፤ ከዚያም ጀርባውን አዙሮ ያድምጥ። ጉልህነቱን ማስተካከል ግዴታ ነው፤ ጥቂት ጎላ ያለ ድምፅ ለጆሯችን የተሻለ ድምፅ መስሎ ይሰማናልና።

ከዚህ ሁሉ ፈተና በኋላም ቢሆን አሮጌው መሣሪያ ከአዲሱ በላይ ዋጋ ሊያወጣ ይችላል። ይህ የግድ ማታለል አይደለም። በቁጥር ጥቂት መሆኑ፣ የሠሪው ስም፣ የመጀመሪያው ቀለሙ አለመነካቱ፣ የታወቁ ሙዚቀኞች በዓይነቱ መጫወታቸው ሰዎች ገንዘብ የሚከፍሉባቸው ነገሮች ናቸው። ፊዚክስ እነዚህን አይለካም፤ አይክድምም። የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ ለታሪክ የሚከፈለውን ገንዘብ ለድምፅ እንደተከፈለ አድርገን እንዳንቆጥር ይረዳናል።

ለሻጭም ይጠቅማል

እስካሁን በገዢው በኩል ቆመን ተመለከትን። ሐቀኛ ሻጭም ከልኬት ይጠቀማል። የድምፁን መውረድ በሴንት፣ የፒክአፑን ሬዚስታንስ ከሙቀት መጠኑ ጋር፣ የተቀየሩትን ክፍሎች በዝርዝር ጽፎ የሚያቀርብ ሻጭ ከሩቅ ሆኖ የሚገዛውን ሰው ጥርጣሬ ያስወግዳል። ባለ ሁለት አንገት መሣሪያ ከነሣጥኑ 30 ኪሎ ግራም ያህል ስለሚመዝን በመጓጓዣ ላይ ጉዳት ቢደርስ ከመላኩ በፊት የተወሰደው ልኬት ለሁለቱም ወገን ምስክር ይሆናል።

ማጠቃለያ

ከላይ የተጠቀምንባቸው ሐሳቦች ውጥረት፣ ሞገድ፣ ያንግ ሞዱለስ፣ ሂስተሪሲስና የፋራዳይ ሕግ ናቸው። ሁሉም በክፍል ውስጥ የምናገኛቸው ሲሆኑ በገበያ ላይ ደግሞ የሰውን ገንዘብ ከኪሳራ ያድናሉ። በመጨረሻ ለአንባቢ የምንተወው ጥያቄ አለ፤ አራተኛው ክር በ5 ሳይሆን በ10 ሴንት ዝቅ ቢል በሰከንድ ስንት ምት ይሰማል? የክሩ ሁለት ጫፎችስ በስንት ሚሊ ሜትር ተቀራርበዋል?