ከጭቃና ጭድ እስከ ናኖ ቅንጣት፦ የአዳዲስ ቁሶች ምርምር ከሐረር ሲታይ

ጭቃ ብቻውን ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ጭድም ብቻውን ግድግዳ አይሆንም። አብረው ሲቦኩ ግን ጭቃው ጭነቱን ይሸከማል፣ ጭዱ ስንጥቁን ይይዛል። ኮምፖዚት የሚባለው ድብልቅ ቁስ አሠራሩ ይኸው ነው። ዛሬ በጭቃው ቦታ ፕላስቲክ ወይም ሴራሚክ፣ በጭዱ ቦታ የመስታወት፣ የካርቦን ወይም የቃጫ ክር ይገባል። ድብልቁ ውስጥ የሚገባው ነገር ከ1 እስከ 100 ናኖ ሜትር ድረስ ሲደቅ ደግሞ ጠባዩ ይለወጣል። አንድ ናኖ ሜትር የሜትር ቢሊዮንኛ ነው፤ በዚህ መጠን ወርቅ እንኳ ቀይ ሆኖ ይታያል።

ይህ ቀይ ወርቅ በጤና ጣቢያዎቻችን አለ። በወባ ፈጣን መመርመሪያ ላይ ብቅ የምትለው መስመር በአብዛኛው የወርቅ ናኖ ቅንጣት ክምችት ናት፤ ቅንጣቶቹ የተውሳኩን ፕሮቲን ለይቶ የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ተሸክመው ይጓዛሉ። ሐረርጌ የሚታወቅበት ጫትም ላቦራቶሪ ገብቷል። እ.ኤ.አ. በ2020 በታተመ ጥናት የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች በጫት ቅጠል ጭማቂ የመዳብ ኦክሳይድ ናኖ ቅንጣት ሠርተው በባክቴሪያ ላይ ሞክረዋል። ሆኖም በሳህን ላይ ባክቴሪያ የገታ ሁሉ መድኃኒት አይሆንም፤ የሰውን ሕዋስ እንደማይጎዳ መረጋገጥ አለበት።

በሙቀት ረገድ በጀጎል፣ በግንብ በታጠረው የሐረር አሮጌ ከተማ፣ ያሉ ቤቶች ወፍራም የድንጋይና የጭቃ ግድግዳ የቀኑን ሐሩር አዘግይቶ ያስገባል። አዲሱ ምርምር ይህንኑ ሥራ በቀጭን ግድግዳ ለመሥራት፣ ሲቀልጥ ሙቀት የሚያከማች ሰም ይጠቀማል። ሰም ሙቀትን በደንብ ስለማያስተላልፍ ግራፋይት ይቀላቀልበታል። በመቀሌ ዩኒቨርሲቲ የተሞከረው የፀሐይ ምጣድ ደግሞ፣ በ220 ዲግሪ ሴልሽየስ ገደማ የሚቀልጥ የናይትሬት ጨው ሙቀት አቆይቶ እንጀራ ይጋግራል።

በኃይል ዘርፍ አዲስ አበባ የተወለዱት ፕሮፌሰር ሶስና ኃይሌ ይጠቀሳሉ። እ.ኤ.አ. በ2001 ከባልደረቦቻቸው ጋር ጠጣር አሲድ ነዳጅን በቀጥታ ወደ ኤሌክትሪክ ለሚለውጠው የነዳጅ ሴል እንደሚያገለግል አሳይተዋል፤ ቁሱ ፕሮቶን ለማስተላለፍ ውኃ ስለማያስፈልገው ከ100 ዲግሪ በላይ ይሠራል። ለሐረር የሚቀርበው ግን የቡና ገለፈት ነው። የሐረር ቡና ከነገለፈቱ ደርቆ ስለሚፈለፈል ትራፊው ብዙ ነው። ገለፈቱ ከስሎ በኬሚካል ሲታከም እልፍ ጥቃቅን ቀዳዳ ያለው ካርቦን ይሆናል፤ ይህም ውኃ ለማጣራት ወይም ኤሌክትሪክ ለሚያከማች ካፓሲተር ይውላል።

አዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የናኖቴክኖሎጂ፣ አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የላቁ ቁሶች የልህቀት ማዕከል አላቸው። ሐረር በበኩሏ የተለየ ዕድል አላት፦ ጥሬ ዕቃው በዙሪያዋ ይበቅላል፣ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ በ20 ኪሎ ሜትር ገደማ ይገኛል፣ የዩኒቨርሲቲው የጤና ኮሌጅና የሕይወት ፋና ሆስፒታል ከተማዋ ውስጥ ናቸው። የሚቀረው እነዚህን በአንድ የሥራ ሰንሰለት ማያያዝ ነው። አንድን ቅንጣት አንዴ መሥራት ለጥናታዊ ጽሑፍ ይበቃ ይሆናል፤ ለበሽተኛና ለገበያ የሚበቃው ግን መቶ ጊዜ ሲሠራ ያው ሆኖ የሚወጣ ነው። ስለዚህ የሚቀጥለው ገንዘብ ከአዲስ ቅንጣት ይልቅ ለመለኪያ መሣሪያና ለደኅንነት ፍተሻ ቢውል ይሻላል።