ለጀማሪ ደራሲ የሚበጅ የጽሕፈት ልማድ

በተማሪዎች መካከል የድርሰት ነገር በተነሣ ቍጥር ደጋግሜ የምሰማው አንድ ቃል አለ፤ ይኸውም «መጻፍ እወዳለሁ፤ ነገር ግን ስሜቱ አልመጣልኝም» የሚለው ነው። ስሜት እስኪመጣ የሚጠብቅ ተማሪ ብዙውን ጊዜ ብዕር የሚያነሣው የዚህ መጽሔት ጽሑፍ መቀበያ ቀን ሲቃረብ ነው። መጽሔታችንም የሚወጣው በዓመት አንድ ጊዜ ስለ ሆነ፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል የተማረ ባለተሰጥዖ ልጅ አራት ድርሰት ብቻ ጽፎ ትምህርት ቤቱን ይሰናበታል ማለት ነው። በአራት ድርሰት ደራሲ የሆነ ሰው እስካሁን አልሰማሁም። ስለዚህ የጽሕፈት ልማድ እንዴት እንደሚገኝ በአጭሩ ለማስረዳት አስቤአለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ የአገራችንን ቁም ጸሐፊ እንመልከት። ቁም ጸሐፊ ቆዳ ፍቆ ብራና ያወጣል፤ ከጥላሸት ጥቁር ቀለም ያዘጋጃል፤ መቃ ቀርጾ ብርዕ ያበጃል። ከዚያም አንዲት ፊደል ሳይጽፍ ብራናውን በወስፌ ወግቶ ያሰምረዋል። 150ውን የዳዊት መዝሙር ጽፎ ለመጨረስ ወራት ይፈጅበታል። ይህ ሰው በየጧቱ «ዛሬ ስሜቴ እንዴት ነው?» እያለ ራሱን ቢጠይቅ ኖሮ ዳዊቱ ከመጀመሪያው መዝሙር ባላለፈ ነበር። እርግጥ ነው፤ እርሱ የተጻፈውን ይገለብጣል፤ ደራሲ ግን ከገዛ ልቡ ያወጣል። ቢሆንም አስቀድሞ የተሰመረ መሥመር የቁም ጸሐፊውን እጅ እንደሚመራ ሁሉ፣ አስቀድሞ የተወሰነ ሰዓት የደራሲውን ሐሳብ ይመራል።

ከገዛ ልቡ እያወጣ በሰዓት የጻፈ ሰው ቢፈለግ ደግሞ እንግሊዛዊው አንቶኒ ትሮሎፕ ይገኛል። ትሮሎፕ በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1834 እስከ 1867 ዓ.ም. በፖስታ መሥሪያ ቤት ያገለገለ ሰው ሲሆን፣ በዕድሜው 47 ልብ ወለድ መጻሕፍት ጽፏል። ከሞተ በኋላ በ1883 ዓ.ም. በታተመው የሕይወት ታሪኩ እንደ ገለጸው፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ከጠረጴዛው ይቀርብ ነበር። ለሚቀሰቅሰው ሽማግሌ አሽከርም ስለዚሁ አገልግሎት በዓመት 5 ፓውንድ ይጨምርለት ነበር። በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት የትናንቱን ጽሑፍ ያነባል፤ ከዚያ በኋላ ሰዓቱን ከፊቱ አስቀምጦ በየሩብ ሰዓቱ 250 ቃላት ይጽፋል። «ባርቼስተር ታወርስ» የተባለውን መጽሐፉንም አብዛኛውን ክፍል የጻፈው ለሥራ በባቡር ሲጓዝ በእርሳስ ነው።

እንዲህ ያለው ፍጥነት የበሰለ ደራሲ ነውና ለእኛ አይሆንም፤ አካሄዱ ግን ይሆነናል። እኔም ባለፉት ሁለት ዓመታት ለራሴ ያወጣሁት ሥርዓት የሚከተለው ነው።

አንደኛ፤ ሰዓትንና ቦታን መወሰን ነው። እኔ የመረጥሁት ቤተ ሰቡ ሳይነሣ ያለውን ግማሽ ሰዓት ነው። የከሰዓት ፈረቃ ተማሪ የሆነ ሰው ረፋዱን ሊመርጥ ይችላል። የእጅ ስልክ ግን በሌላ ክፍል ይቀመጥ፤ እርሱ ካለ ግማሹ ሰዓት የእርሱ ነው።

ሁለተኛ፤ መጠንን ማሳነስ ነው። የእኔ መጠን በቀን 15 መሥመር ነው። ትንሽ ይመስላል፤ ሒሳቡን ግን እንሥራው። በሳምንት 5 ቀን ቢጻፍ 75 መሥመር፣ በ40 ሳምንት 3,000 መሥመር ይሆናል። ይህም 25 መሥመር ባለው ገጽ ሲካፈል 120 ገጽ ነው።

ሦስተኛ፤ ሐሳብ ሳይደርቅ ማቆም ነው። የዕለቱን ከጨረስሁ በኋላ የነገውን መነሻ በአንድ ዐረፍተ ነገር ከግርጌ እጽፋለሁ። በማግሥቱ ባዶ ገጽ አይጠብቀኝም። ሐሳብ የጠፋ እንደ ሆነ የታክሲ ረዳቱን ጥሪ፣ የጎረቤትን ጨዋታ፣ የአያትን ተረት እንደ ሰሙት መጻፍ ነው።

አራተኛ፤ መጻፍንና ማረምን መለየት ነው። አንዱን ዐረፍተ ነገር ሰባት ጊዜ የሚሰርዝ ሰው ወደ ሁለተኛው አይደርስም። ስለዚህ ከሰኞ እስከ ዓርብ እጽፋለሁ፤ ቅዳሜ ጮክ ብዬ እያነበብሁ አርማለሁ። ዐይን ያለፈውን ስሕተት ጆሮ ይይዘዋልና።

አምስተኛ፤ ያመለጠን ቀን እንደ ዕዳ አለመቍጠር ነው። በፈተና ሳምንት ወይም በሕመም ጊዜ ሳይጻፍ ቢታለፍ፣ በማግሥቱ የሚጻፈው ያው 15 መሥመር ነው። ዕዳ ሲከማች ባለዕዳው ደብተሩን መሸሽ ይጀምራል።

በዚህ ሥርዓት የተጻፈ ሁሉ መልካም ነው ማለቴ አይደለም። ከ120ው ገጽ መቶው የማይረባ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የቀረው 20 ገጽ ያለዚያ መቶ ገጽ አይገኝም። ስሜትም ቢሆን አልፎ አልፎ ይመጣል፤ ሲመጣ ግን ብዕር ይዘን ያገኘናል።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፣ ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል ይባላልና ደብተራችሁን ዛሬ ማታ አዘጋጁ፤ የመጀመሪያዎቹን 15 መሥመሮች ነገ ጧት ጻፉ። ለሚመጣው ዓመት መጽሔት ስትጠየቁ የምትጨነቁት ምን እንጻፍ ብላችሁ ሳይሆን የትኛውን እንስጥ ብላችሁ ይሆናል።