ሳተላይት ከፋብሪካ እስከ ማምጠቂያ ጣቢያ፦ የንግድ ሕዋ ዘርፍ የአቅርቦትና የሎጂስቲክስ ፈተናዎች

የሕዋ ዘርፍ በተነሣ ቁጥር የብዙዎች ዐይን የሚያርፈው በሮኬቱ ላይ ነው። ይሁንና ሳተላይት ምሕዋር ከመግባቱ በፊት በምድር ላይ የሚያልፍባቸው የክፍሎች ግዥ፣ የማጓጓዝ፣ የጉምሩክና የወጪ ንግድ ፈቃድ ሂደቶች ዓመታት የሚወስዱና ለእክል የተጋለጡ ናቸው።

በ2014 ዓ.ም. በዋንዌብ ኩባንያ ላይ የደረሰው ለዚህ ዓይነተኛ ማሳያ ነው። መቀመጫውን ለንደን ያደረገው ይህ ኩባንያ ለኢንተርኔት አገልግሎት 648 ሳተላይቶችን ለማሰማራት አቅዶ 428ቱን አምጥቆ ነበር። ሳተላይቶቹ በአሜሪካ ፍሎሪዳ ተገጣጥመው፣ በአውሮፕላን ተጭነው፣ በሩሲያው ሶዩዝ ሮኬት ይመጥቁ ነበር። በየካቲት ወር የሩሲያና የዩክሬን ጦርነት ሲቀሰቀስ 36 ሳተላይቶች ካዛክስታን በሚገኘው የባይኮኑር ጣቢያ ለመወንጨፍ ተዘጋጅተው ነበር። የሩሲያ የሕዋ ኤጀንሲ ሮስኮስሞስ የብሪታንያ መንግሥት የኩባንያውን ድርሻ እንዲለቅ፣ ሳተላይቶቹም ለወታደራዊ ዓላማ እንደማይውሉ ዋስትና እንዲሰጥ ጠየቀ። ጥያቄው ተቀባይነት አላገኘም፤ ሮኬቱ ከመወንጨፊያው ተነሣ፤ በረራውም ቀረ።

ኩባንያው ከዚህ ጋር በተያያዘ 229 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ኪሳራ መዝግቧል። ቀሪዎቹን ሳተላይቶች ለማምጠቅም ወደ ሕንድና ወደ አሜሪካው ስፔስኤክስ ፊቱን አዙሮ፣ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሕንድ ሮኬት ሥራውን ቀጠለ። ሮኬት መለወጥ የጭነት መኪና እንደ መለወጥ ቀላል አይደለም። የእያንዳንዱ ሮኬት ንዝረትና መጋጠሚያ የተለየ በመሆኑ ስሌቱና ፍተሻው እንደ አዲስ ይከናወናል።

ጦርነቱ የማጓጓዣውን ዘርፍም ነክቷል። ሳተላይት ሙቀቱና እርጥበቱ በሚቆጣጠር፣ አቧራ በማያስገባ ልዩ ኮንቴይነር ይጓዛል። ትልልቆቹን ለመሸከም ተመራጭ የሆነው አንቶኖቭ 124 አውሮፕላን መመረት ካቆመ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ በሩሲያ ኩባንያዎች እጅ ያሉትም በማዕቀቡ ምክንያት ከምዕራባውያን ገበያ ወጥተዋል። የዓለማችን ግዙፉ የጭነት አውሮፕላን አንቶኖቭ 225 ደግሞ በጦርነቱ የመጀመሪያ ቀናት ወድሟል።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበው በአንድ አቅራቢ ላይ የመንጠልጠል ችግር ነው። ወደ ዓለም አቀፉ የሕዋ ጣቢያ ስንቅ ያመላልስ የነበረው የአሜሪካው አንታሬስ ሮኬት የታችኛው አካሉ ከዩክሬን፣ ሞተሩ ከሩሲያ ይመጣ ነበር። ሁለቱ አገሮች ሲዋጉ የሮኬቱ ምርት ቆመ፤ አምራቹም የጭነት መንኮራኩሩን በተወዳዳሪው ሮኬት ለመላክ ተገደደ። ለሳተላይት ሞተር የሚያገለግለው ዜኖን ጋዝም ከፍተኛ ድርሻው ከእነዚሁ አገሮች ይገኝ ነበር።

የሕግ ገደብም ምርጫን ያጠባል። የአሜሪካ የወጪ ንግድ ሕግ አሜሪካ ሠራሽ የሳተላይት ክፍሎች በቻይና ሮኬት እንዳይመጥቁ ይከለክላል። ስለዚህ ዛሬ የሚገዛ ክፍል ከዓመታት በኋላ የትኛውን ሮኬት መጠቀም እንደሚቻል አስቀድሞ ይወስናል።

ኢትዮጵያ የመጀመሪያዋን የመሬት ምልከታ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ 1ን ያመጠቀችው ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይናው ታይዩዋን ጣቢያ ነው። ሮኬቱ በዋናነት የተዘጋጀው ለቻይናና ብራዚል የጋራ ሳተላይት ነበር። እንዲህ ያለው የጋራ ጉዞ ወጪን በእጅጉ ይቀንሳል፤ የመወንጨፊያውን ቀን የሚወስነው ግን ዋናው ጭነት ነው። እርሱ ከዘገየ ትንሹም አብሮ ይዘገያል።

በመሆኑም የራሳቸው ማምጠቂያ የሌላቸው አገሮች የግዥ ውል ከመፈረማቸው በፊት ሊያጣሯቸው የሚገቡ ጥያቄዎች አሉ፤ ሳተላይቱ በጉዞ ላይ ቢጎዳ ተጠያቂው ማን ነው? የተመረጠው ሮኬት ባይገኝ አማራጩ የትኛው ነው? የተገጠሙት ክፍሎችስ በዚያ አማራጭ ለመምጠቅ ይፈቀድላቸዋል ወይ?