ከጎንደር ላሊበላ፦ ርቀት በምን ይለካል?

ስለ መጓጓዣ ሲነሣ ክርክሩ ብዙ ጊዜ በፍጥነት ላይ ብቻ ያተኩራል። አውሮፕላን ፈጣን ነው፣ አውቶቡስ ዘገምተኛ ነው ተብሎ ይታለፋል። አባባሉ ሐሰት ባይሆንም የተሟላ አይደለም። ሠራተኛው ከሥራውና ከቤቱ ተለይቶ የሚቆይበትን ጊዜ የሚወስነው የሞተር ጉልበት ብቻ ሳይሆን መስመሩ የተዘረጋበት አቅጣጫም ጭምር ነውና። ለአብነት ከጎንደር ላሊበላ ያለውን ጉዞ እንመልከት።

አዘዞ ከሚገኘው የጎንደር አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ላሊበላ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ቀጥታው መስመር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በበለሳ በኩል አልፎ ላስታ ይገባል። በምድር የሚጓዘው መንገደኛ ግን ይህን መስመር ይከተል ዘንድ ተራራውና ሸለቆው አይፈቅዱለትም። ስለሆነም ወደ ደቡብ ወርዶ፣ ስሟን ከጋዜጣ ጋር የምትጋራውን አዲስ ዘመን ከተማን አልፎ ወረታ ይደርሳል። ከዚያም በቻይና ርዳታ በተሠራው ጎዳና በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ አድርጎ ጋሸና ሲደርስ እንደገና ወደ ሰሜን ይታጠፋል። መንገዱ ሲደመር የአየሩን እጥፍ ያህል ይሆናል። ቀኑም በዚሁ ያልቃል።

አውሮፕላኑስ? በአገር ውስጥ በረራ የሚያገለግለው ኪዩ 400 በሰዓት እስከ 660 ኪሎ ሜትር ያህል ይበራል። በዚህ ስሌት 180 ኪሎ ሜትር የ16 ደቂቃ ጉዳይ ነው ማለት ነው። ነገር ግን አውሮፕላን እንደ ጥይት አይወነጨፍም፤ ከመሬት ተነሥቶ ከፍታ መያዝ፣ ገና በወጉ ሳይዝም መውረድ መጀመር፣ ከማረፊያው አቅጣጫ ጋር መስተካከል አለበት። ስለዚህ በረራው ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ቀደም ሲል በአገር ውስጥ መስመር ያገለግል የነበረው ዲሲ 3 ፍጥነቱ የዚህ ግማሽ ገደማ ነበር፤ ሆኖም በእንዲህ ያለ አጭር መስመር ላይ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከሩብ ሰዓት ብዙም አይዘልም። የሞተር ዕድገት ያተረፈውን ደቂቃ ከከተማ ወደ ማረፊያው መሄድና ፍተሻ መጠበቅ መልሰው ይበሉታል።

ዋናው ጥያቄ ግን ከዚህ ላይ ነው። ሁለቱን ከተሞች በቀጥታ የሚያገናኝ በረራ በሌለበት ቀን መንገደኛው አዲስ አበባ መድረስ ይኖርበታል። ከጎንደር አዲስ አበባ በአየር 420 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከአዲስ አበባ ላሊበላ ደግሞ 330 ያህል ነው። የ180 ኪሎ ሜትር ጎረቤት 750 ኪሎ ሜትር ይርቃል! ሁሉም መስመር ከመዲናይቱ ሲፈልቅ አውሮፕላኖችን ለመመደብ እንደሚያመች፣ ወጪም እንደሚቀንስ አይካድም። ይሁንና የአጎራባች ሕዝቦች ግንኙነት በዋና ከተማ በኩል ብቻ እንዲያልፍ መደረጉ ያለ ዋጋ የሚገኝ አይደለም።

ዋጋውን ማን ይከፍላል? ለጉብኝት የመጣው እንግዳ በአዲስ አበባ ቢያድር ጉዞው አንድ ቀን ይረዝምበታል እንጂ ሌላ ጉዳት የለውም። ጎንደር ውስጥ በሸማ ሥራ የሚተዳደርና የእናቱ መርዶ ከላስታ የደረሰው ሰው ግን ቀብሩ አይጠብቀውም። የቲኬቱ ዋጋ ከአቅሙ በላይ ነው፤ ቢከፍልም በረራው ዞሮ ነው። ዕድርተኞቹ አዋጥተው ሌሊቱን መኪና ይፈልጉለታል፤ በወረታ በኩል አድርጎ ጋሸና ሲደርስ ግን ቀኑ መሽቷል።