«አዘጋጅ» ማን ነው? የጥናት መጽሔት አዘጋጆች ተግባርና ስያሜው

መጽሔት በግዕዝ መስተዋት ማለት ነው። ቃሉ በአማርኛ በየጊዜው ለሚታተም የጽሑፍ ስብስብ መጠሪያ ከሆነ ወዲህ የጥንት ፍቺው ቢዘነጋም፣ ለጥናት መጽሔት የሚስማማ ስያሜ ነው፤ የአንድ የትምህርት ዘርፍ ሊቃውንት የደረሱበትን ደረጃ የሚመለከቱት በመጽሔታቸው ነውና። መጽሔቱን ለሚያሰናዱት ሰዎች ግን ይህን ያህል የጠራ ስያሜ አልለመድንም። ጽሑፍ የሚሰበስበውም፣ ይታተም አይታተም ብሎ የሚወስነውም፣ ቋንቋ የሚያቃናውም «አዘጋጅ» ይባላል። ስያሜው ሲደበላለቅ ኃላፊነቱም እንደሚደበላለቅ ከዚህ በታች ለማሳየት እንሞክራለን።

ሥራው በመጀመሪያ የአንድ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1665 ዓ.ም. የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ ጸሐፊ ሄንሪ ኦልደንበርግ «ፊሎሶፊካል ትራንዛክሽንስ» የተባለውን መጽሔት ሲጀምር፣ ከሊቃውንት ጋር የሚጻጻፈውም፣ ጽሑፉን የሚመርጠውም፣ በራሱ ወጪ የሚያሳትመውም እርሱ ነበር። ማኅበሩ መጽሔቱን በይፋ ተረክቦ ጽሑፎችን የሚመርጥ ኮሚቴ ያቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1752 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ሥራው እየተከፋፈለ ሄዶ ዛሬ የብዙ ሰዎች የጋራ ተግባር ሆኗል። በአገራችንም የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. ከ1963 ዓ.ም. ጀምሮ በሚያሳትመው መጽሔት በእንግሊዝኛ ከሚጻፉት ጥናቶች ጋር የአማርኛ ጥናቶችም ስለሚወጡ፣ የሥራ ክፍፍሉን በአማርኛ ለይቶ መሰየም ያስፈልጋል።

ሀ/ ዋና አዘጋጅ። የቀረበው ጽሑፍ ከመጽሔቱ ዓላማ ጋር መስማማቱን መርምሮ ወደ ገምጋሚዎች ይመራል፤ አስተያየታቸውን አይቶም ይወስናል። የገምጋሚ አስተያየት ምክር እንጂ ፍርድ አይደለም። ሁለት ገምጋሚዎች የተለያየ አሳብ ቢሰጡ አመዛዝኖ የሚወስነውና ስለ ውሳኔው የሚጠየቀው ዋና አዘጋጁ ነው። ጽሑፉ ከታተመ በኋላ ስሕተት ቢገኝ ማረሚያ ማውጣት፣ ስሕተቱ ከባድ ከሆነም ጽሑፉን መሻር የእርሱ ግዴታ ነው።

ለ/ የአዘጋጆች ጉባኤ። የመጽሔቱን መመሪያ ያወጣል፤ በየዘርፉ የመጡትን ጽሑፎች ተከፋፍሎ ይከታተላል። ዋና አዘጋጁ ራሱ ጽሑፍ ሲያቀርብ ጉዳዩን ከሌላው ጽሑፍ ሳይለይ የሚመራ ሌላ ሰው የሚገኘውም ከዚህ ጉባኤ ነው። ምክር ብቻ የሚሰጠው አካል «የአማካሪዎች ጉባኤ» ተብሎ ቢለይ መልካም ነው፤ አለዚያ አንባቢው ያልወሰነውን ሰው እንደ ወሰነ አድርጎ ይወስደዋል።

ሐ/ ገምጋሚ። በዘርፉ ዕውቀት ያለው፣ የጽሑፉን ማስረጃና አካሄድ የሚመረምር ባለሙያ ነው። «ግምገማ» በፖለቲካ ስብሰባዎች የሰውን ጠባይና ሥራ መንቀፍ የሚል ጥላ ስለ ወደቀበት፣ ቃሉ በዚህ ሙያ ጽሑፉን እንጂ ጸሐፊውን እንደማይመለከት በፍቺው ላይ መገለጥ አለበት። የጸሐፊው ስም ከገምጋሚው፣ የገምጋሚውም ስም ከጸሐፊው የሚሰወረው ስለዚሁ ነው። ባለሙያዎቹ ጥቂት በሆኑበት ዘርፍ ግን ስም መሰወር ብቻ አይበቃም፤ ጸሐፊው በአጻጻፉና በርእሱ ይታወቃልና። ስለዚህ ገምጋሚው ከጸሐፊው ጋር ዝምድና ወይም ጠብ ካለው አስቀድሞ ማስታወቅና ከሥራው መገለል ይገባዋል።

መ/ አርታዒ። ቃሉ ከግዕዙ «ረትዐ» (ቀና) የወጣ ነው፤ «አርትዐ» አቀና፣ «ርቱዕ» ቀጥ ያለ ማለት ነው። «አርታኢ» ተብሎ በአልፍ መጻፉ ቢለመድም፣ ሥሩን ለሚከተል በዐይን «አርታዒ» ይሆናል። ትርጕሙም ሥራውን በትክክል ይገልጣል፤ አርታዒ የተጣመመውን የሚያቀና እንጂ አዲስ ነገር የሚፈጥር አይደለም።

ድንበሩ ካልታወቀ የሚደርሰው ጉዳት በአንድ ምሳሌ ይታያል። በግዕዝ «ሠረቀ» ፀሐይ ወጣ፣ «ሰረቀ» ደግሞ የሰው ገንዘብ ወሰደ ማለት ነው። አንድ አጥኚ በብራና ላይ እነዚህ ሁለት ፊደላት መቀያየራቸውን ቆጥሮ፣ ድምፆቹ በጸሐፊው ዘመን መለየታቸው ቀርቶ እንደ ነበር ለማስረዳት ጽሑፍ ያቀርባል እንበል። አርታዒው የመጽሔቱን የፊደል አጠቃቀም ደንብ ተከትሎ በጥቅሱ ውስጥ ያሉትን ሁሉ ቢያስተካክል፣ ያጠፋው ስሕተት ሳይሆን ማስረጃ ይሆናል። ስለዚህ በጥቅስ ውስጥ ያለ ፊደል እንዳለ መተው፣ በጸሐፊው ዐረፍተ ነገር ላይ የተደረገውም ለውጥ ከኅትመት በፊት ለጸሐፊው ቀርቦ መጽደቅ ይገባዋል። አርታዒውና ዋና አዘጋጁ በአንድ ስም ከተጠሩ ግን ጸሐፊው አቤቱታውን ለማን እንደሚያቀርብ እንኳ አያውቅም።

ተርጓሚዎችም የባዕዱን ቃል ድምፅ ብቻ ተከትለው እንዳይሄዱ እናሳስባለን። የፈረንሳይኛው «ኤዲተር» በአብዛኛው አሳታሚ ማለት ሲሆን፣ ዋና አዘጋጅ የሚባለው «ሬዳክተር አን ሼፍ» ነው። የእንግሊዝኛው «ኤዲተር» ደግሞ እንደ አገባቡ ዋና አዘጋጅ፣ አርታዒ፣ ወይም የብዙ ሰዎችን ጥናት በአንድ መጽሐፍ ያሰባሰበ ሰው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከመተርጐም በፊት «ይህ ሰው ምን ይወስናል? ስለምንስ ይጠየቃል?» ብሎ መመርመር ይገባል። በእኛ አስተያየት «አዘጋጅ» የመወሰን ሥልጣን ላለው፣ «አርታዒ» ጽሑፍን ለሚያቀና፣ «ገምጋሚ» ለሚመክር ባለሙያ፣ «አሳታሚ» ደግሞ ወጪውንና ሥርጭቱን ለሚይዘው ተለይተው ቢመደቡ፣ የመጽሔቶቻችን ውስጥ ገጽ ማን ለምን እንደሚጠየቅ በግልጽ ያስረዳል።